የውቅያኖስ ጅረት አለካክና የስያሜዎቹ አመራረጥ

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ የትርጉም ረቂቅ እንዳርም ተሰጥቶኝ ነበር። ረቂቁ ስለ ፍሎሪዳ ጅረት የተጻፈ አጭር የሳይንስ ጽሑፍ ሲሆን፣ ተርጓሚው ሁለቱንም ቋንቋዎች ጠንቅቆ የሚያውቅ፣ አጻጻፉም ያልተንዛዛ ነበር። ይሁንና በመካከሉ እንዲህ የሚል ዐረፍተ ነገር ገጠመኝ፦ «የሞገዱ ትራንስፖርት በአርባ ዓመት ውስጥ በብዙ ተለውጧል፤ በበጋም ከፍ ይላል።» በዚህች አንዲት ዐረፍተ ነገር ውስጥ አራት ስሕተቶች አሉ። ሁለቱ አንባቢን ግራ ከማጋባት አያልፉም። የቀሩት ሁለቱ ግን ዋናው ጽሑፍ ያላለውን ነገር እንዳለ ያስመስሉታል፤ ከእነዚህም አንዱ የመላውን ጽሑፍ ፍሬ ነገር ይገለብጠዋል። ስለዚህ አራቱን ቃላት አንድ በአንድ ማየት ይጠቅማል። ለዚህም በመጀመሪያ ነገሩን ራሱን፣ ማለት ጅረቱና የሚለካበት ዘዴ ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የሙያ ቃል የሚመረጠው ከመዝገበ ቃላት ብቻ ሳይሆን ከሥራው ጠባይም ጭምር ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የፍሎሪዳ ጅረት ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ወጥቶ በመጀመሪያ በፍሎሪዳና በኩባ፣ ቀጥሎም በፍሎሪዳና በባሃማ ደሴቶች መካከል ወደ ሰሜን የሚያልፍ ሙቅ የባሕር ውኃ ነው። በ27 ዲግሪ ሰሜን አካባቢ የሚያልፍበት ሰርጥ ስፋቱ ወደ 80 ኪሎ ሜትር፣ ጥልቀቱ ደግሞ እስከ 800 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በውኃው ገጽ ላይ ፍጥነቱ በሰከንድ ወደ 2 ሜትር የሚጠጋበት ጊዜ አለ። ከሰርጡ ወጥቶ የአሜሪካን ጠረፍ ተከትሎ ከሄደ በኋላ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ታጥፎ ክፍት ውቅያኖስ ውስጥ ይገባል፤ በዚያም እንደ እባብ ይጠማዘዛል፣ ከጥምዝምዙም አዙሪቶች እየተቆረጡ ይለያሉ። ገልፍ ስትሪም በሚለው ስም ዓለም የሚያውቀው ይህንኑ ነው። የልኬታ ሰዎች ሰርጡን የሚመርጡበት ምክንያት ከዚህ ይታወቃል። በሰርጡ ውስጥ ጅረቱ እንደ ወንዝ ግራና ቀኝ ዳርቻ አለው፤ በክፍት ውቅያኖስ ላይ ግን ከየት ጀምሮ የት ላይ እንደሚያበቃ ለመወሰን እንኳ አስቸጋሪ ነው።

የመጀመሪያው ቃል «ሞገድ» ነው። በአንዳንድ መጻሕፍትና በሬድዮ ዝግጅቶች የውቅያኖስ ጅረት «የውቅያኖስ ሞገድ» ሲባል ይሰማል። ሞገድ ግን ከግእዝ ጀምሮ ትርጉሙ የታወቀ ነው፤ ውኃው ከፍና ዝቅ ሲል የሚታየው የገጽ መናወጥ ነው። በዘመናዊው ፊዚክስም ለድምፅና ለሬድዮ ሞገድ ያገለግላል። በሞገድ ውስጥ ቅርጹ ይጓዛል፣ ውኃው ግን ከሞላ ጎደል ባለበት ይቀራል። በጅረት ውስጥ የሚጓዘው ውኃው ራሱ ነው። በሞገድ ላይ የተቀመጠች ቡሽ ወደ ላይና ወደ ታች ትላለች፤ በፍሎሪዳ ጅረት ላይ የተቀመጠች ቡሽ ደግሞ በጥቂት ቀናት ውስጥ በመቶ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቃ ትገኛለች። እነዚህን ሁለት ነገሮች በአንድ ቃል መጥራት ነፋስንና ድምፅን በአንድ ስም እንደ መጥራት ይሆናል።

ታዲያ «ጅረት» የሚለው ስያሜ ያለ እንከን ነው ማለት አይደለም። በአገራችን አነጋገር ጅረት ከወንዝ ያነሰ ውኃ ነው፤ እረኛ ዘሎ የሚሻገረው፣ በበጋ የሚደርቅ። ይህን ቃል በውቅያኖስ ውስጥ ለሚሄድ ታላቅ ውኃ መስጠት ለጆሮ ያስቸግራል ያሉ ባልደረቦች ነበሩ፣ ተቃውሟቸውም መሠረት አለው። አንዳንዶቹም «ወራጅ» የሚለውን ሐሳብ አቅርበው ነበር። ይሁን እንጂ «ወረደ» ከከፍታ ወደ ዝቅታ መሄድን የግድ ያመጣል፤ የባሕር ጅረት ደግሞ እንደ ወንዝ ቁልቁለት ፍለጋ አይሄድም። የሚነዱት ነፋስ፣ የምድር መሽከርከርና የውኃው የእፍጋት ልዩነት ናቸው። «ጎርፍ» ድንገተኛነትን፣ «ደራሽ» ከዚያም የባሰውን ያስባል። «ጅረት» ግን መጠኑን ትተን ጠባዩን ስናይ የሚፈለገውን ሁሉ ይዟል፦ መሥመር አለው፣ አቅጣጫ አለው፣ ሳያቋርጥ ይሄዳል። የመጠኑን ችግር «የውቅያኖስ» የሚለው ቅጽል ያቃልለዋል። «ፍሰት» የሚለውን ደግሞ ለድርጊቱ፣ ማለት ለመፍሰሱ ብናቆየው መልካም ነው። ጅረት የነገሩ ስም፣ ፍሰት የሥራው ስም ይሆናሉ ማለት ነው።

ወደ ሁለተኛው ቃል ወደ «ትራንስፖርት» ስንሄድ የልኬታውን ታሪክ ባጭሩ ማየት ግድ ይሆናል፤ ቃሉ የተወለደው ከልኬታው ነውና። በ1513 የስፔይኑ መርከበኛ ፖንሴ ዴ ሊዮን በፍሎሪዳ ዳርቻ ሲጓዝ ነፋሱ ከኋላ እየገፋቸው ሳለ መርከቦቹ ወደ ኋላ መመለሳቸው ተመዝግቧል። ይህ የጅረቱን መኖር እንጂ ልኩን አይናገርም። በ1769 ገደማ ቤንጃሚን ፍራንክሊን፣ በዓሣ ነባሪ አዳኞች መካከል ያደገ ቲሞቲ ፎልጀር የተባለ የመርከብ አዛዥ ዘመዱን ጠይቆ የገልፍ ስትሪምን ካርታ አሳተመ። ፍራንክሊን የፖስታ ሹም እንደ መሆኑ የቸገረው፣ ደብዳቤ የሚያመጡት መርከቦች ከእንግሊዝ ወደ ኒው ዮርክ ለመድረስ ከነጋዴዎቹ መርከቦች ይልቅ መዘግየታቸው ነበር። ስለዚህ ያስፈለገው የጅረቱን ቦታና ፍጥነት ማወቅ ብቻ ነው። በ1880ዎቹም ጆን ፒልስበሪ የተባለ የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኰንን «ብሌክ» የተባለችውን መርከብ በሰርጡ መካከል በመልሕቅ አቁሞ፣ ራሱ ባሠራው መሣሪያ በልዩ ልዩ ጥልቀት የውኃውን ፍጥነት ለካ። በዚያ ብርቱ ውኃ ላይ መርከብን በመልሕቅ ማቆም ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ የባሕር ሰው ያውቀዋል።

ከዚህ በኋላ የመጣው ጥያቄ የተለየ ነው። አሁን የሚፈለገው፣ ከወለሉ እስከ ገጹ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ስንት ሜትር ኩብ ውኃ በሰርጡ እንደሚያልፍ ነው። የሙያው ሰዎች በእንግሊዝኛ ለዚህ የሰጡት ቃል በተራ ንግግር ማጓጓዝ ማለት ስለሆነ፣ ተርጓሚያችን «ትራንስፖርት» ብሎ ተወው። አማርኛ አንባቢ ግን «የጅረቱ ትራንስፖርት» ሲባል በጅረቱ ላይ የሚመላለሱ መርከቦች ይታዩታል። ይህ ጸሐፊ የሚመርጠው «የፍሰት መጠን» የሚለውን ነው። የውኃ ሀብት መሐንዲሶቻችን ለወንዞች ሲጠቀሙበት የኖሩ ስለሆነ አዲስ ቃል መፍጠር አላስፈለገም። ተርጓሚው በጥብቅ ሊጠብቅ የሚገባው ነገር ቢኖር «ፍጥነት»ንና «የፍሰት መጠን»ን አለማቀላቀል ነው። ጅረት ሲጠብ ወይም ወደ ላይኛው ውኃ ሲሰበሰብ በገጹ ላይ ፈጥኖ ሳለ የፍሰት መጠኑ ሊቀንስ ይችላል። «ጅረቱ ደከመ» የሚል ትርጉም ከሁለቱ የትኛውን እንደሚል ስለማይለይ አይረባም።

የፍሎሪዳ ጅረት አማካይ የፍሰት መጠን 32 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በሰከንድ ያህል ነው። በሚሊዮን እየቆጠሩ መኖር ስለሚያሰለች ባለሙያዎቹ አንድ ሚሊዮን ሜትር ኩብ በሰከንድን «ስቨርድሩፕ» ብለው ሰይመውታል፤ ይህም በ1957 ለሞተው ለኖርዌዩ የውቅያኖስ ሊቅ ለሃራልድ ስቨርድሩፕ መታሰቢያ ነው። ስሙን እንዳለ መውሰድ ይገባል፤ ኒውተንና ቮልትን እንደ ወሰድን። ነገር ግን አንድ ወጥመድ አለ፦ ቃሉ በላቲን ፊደላት ሲያጥር የጨረር መለኪያ ከሆነው ከሲቨርት ምልክት ጋር አንድ ይሆናል። መዝገበ ቃላት የገለጠ ተርጓሚ ፊት ለፊት የሚያገኘው ሲቨርትን ስለሆነ፣ ውቅያኖሱን በጨረር የተበከለ አድርጎ ለመተርጐም አንድ እርምጃ ብቻ ይቀረዋል። በአማርኛ ምሕጻረ ቃል አለመጠቀም፣ ስሙን ሙሉውን መጻፍ ይሻላል።

አንባቢ የመጠኑ ትልቅነት እንዲገባው ከአገሩ ውኃ ጋር ማነጻጸር ይፈቀድለታል ብዬ አምናለሁ፤ ተርጓሚም ቢሆን በግርጌ ማስታወሻ ይህን ቢያደርግ አያስነቅፈውም። ዓባይ የሱዳንን ድንበር ሲሻገር የዓመት አማካይ ፍሰቱ 1,500 ሜትር ኩብ በሰከንድ ገደማ ነው። የፍሎሪዳ ጅረት እንግዲህ ሃያ ሺህ ዓባይ ይሆናል። የጣና ሐይቅ ውኃ በሙሉ ወደ 28 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ስለሚገመት፣ ባዶውን ጣና ይህ ጅረት በሩብ ሰዓት ይሞላዋል። በዓለም ላይ ያሉ ወንዞች ሁሉ ተደምረው እንኳ ከአንድ ስቨርድሩፕ ብዙም አይርቁም። «ጅረት» የሚለው ቃል ምን ያህል ሸክም እንደ ተጫነበት ከዚህ ይታያል።

እንዲህ ያለውን ውኃ ዘወትር በመርከብ መለካት አይቻልም። መርከብ በአንድ ቀን የአንድን ቀን ልክ ትሰጣለች፤ ወጪዋም ብዙ ነው። መፍትሔው የመጣው ከማይጠበቅ ቦታ ነው። በ1832 ማይክል ፋራዴይ ከለንደን ዋተርሉ ድልድይ ላይ ሆኖ የብረት ሰሌዳዎችን ወደ ቴምዝ ወንዝ አውርዶ ነበር። ሐሳቡ፣ ውኃ በምድር መግነጢሳዊ መስክ ውስጥ ሲፈስ ከዳር እስከ ዳር የኤሌክትሪክ ቮልቴጅ ይወልዳል የሚል ነበር። ሙከራው አልተሳካለትም፤ ሐሳቡ ግን ትክክል ነበር። የባሕር ውኃ ጨዋማ ስለሆነ ኤሌክትሪክን በሚገባ ያስተላልፋል። በ1950ዎቹ ተመራማሪዎች በኪ ዌስትና በሃቫና መካከል በተዘረጋ የቴሌግራፍ ገመድ ላይ ይህን ቮልቴጅ መከታተል ያዙ። ከ1982 ጀምሮ ደግሞ ከፍሎሪዳ እስከ ግራንድ ባሃማ ደሴት በባሕር ሥር በተዘረጋ የስልክ ገመድ አማካይነት የጅረቱ የፍሰት መጠን በየቀኑ ይመዘገብ ጀመር። በመካከሉ፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ ከአንድ ዓመት በላይ የተቋረጠበት ጊዜ ቢኖርም መዝገቡ ከአርባ ዓመት በላይ ሊዘልቅ ችሏል። ቮልቴጁ በአማካይ ለእጅ ባትሪ ከምናስገባት ከአንዲት የባትሪ ድንጋይ አይበልጥም፤ ከዚህች ትንሽ ነገር ሃያ ሺህ ዓባይ ይነበባል። ንባቡ እንዳይሳሳት ግን መርከቦች በየጊዜው ወደ ሰርጡ እየወጡ፣ እስከ ወለሉ ወርደው የሚመለሱ መሣሪያዎችን በመጣል የገመዱን ልክ ያመሳክራሉ።

በዚህ ቦታ ለተርጓሚ የተዘጋጀ አንድ ፈተና አለ። «ጅረት» የሚለውን ቃል ለኤሌክትሪክም የሚጠቀሙበት አሉ፤ እንግዲህ «ጅረቱ ጅረት ይፈጥራል» የሚል ዐረፍተ ነገር ሊወጣ ነው። የሕዝቡ ቃል «ኮረንቲ» ከኢጣልያንኛ የመጣ ሲሆን፣ በዚያ ቋንቋ ለወንዝም ለባሕርም ለኤሌክትሪክም የሚያገለግል አንድ ቃል ነው፤ እኛ ግን ስንወስደው ከሦስቱ አንዱን ብቻ ይዘን ሁለቱን ተውን። ይህ ጉዳት ሳይሆን ጥቅም ነው እላለሁ። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ገጽ ላይ በሚገናኙበት ጽሑፍ «ጅረት»ን ለውኃው ብቻ፣ «ኮረንቲ»ን ለኤሌክትሪኩ መስጠት አንባቢን ከብዙ ድካም ያድነዋል። ኮረንቲ የጓዳ ቃል ነው፣ ለሳይንስ አይመጥንም የሚለውን ተቃውሞ ይህ ጸሐፊ አይቀበለውም።

ሦስተኛው ስሕተት «በበጋ» የሚለው ነው። የፍሎሪዳ ጅረት የፍሰት መጠን በሐምሌ ገደማ ከፍ ይላል፤ ወደ ብርዱ ወራት ሲጠጋ ዝቅ ይላል። እንግሊዝኛው በሙቀቱ ወቅት ስም ይጠራዋል፤ መዝገበ ቃላቶቻችንም ያንን ስም «በጋ» ብለው ይፈቱታል። ነገር ግን የእኛ ሐምሌ ክረምት ነው፣ የእኛ በጋ ደግሞ ታኅሣሥና ጥር የሚውሉበት ነው። ስለዚህ «በበጋ ከፍ ይላል» የሚለውን ያነበበ ኢትዮጵያዊ የጅረቱን ከፍተኛ ልክ በዝቅተኛው ወራት አካባቢ ያስቀምጠዋል። እዚህ ላይ የተሻለ ቃል ከመፈለግ ወቅቱን ትቶ ወሩን መጻፍ ይበቃል።

አሁን ወደ ዋናው ቃል ደርሰናል። «በብዙ ተለውጧል» ብሏል ተርጓሚው። ዋናው ጽሑፍ ያለው ግን የፍሰት መጠኑ በጣም ተለዋዋጭ ነው፣ ከረጅም ጊዜ አንጻር ሲታይ ግን እንዳለ ነው ማለቱ ነበር። በአማርኛ የሁለቱ ልዩነት በግሡ አካል ውስጥ ተቀምጧል። «ቆረጠ» እና «ቆራረጠ»፣ «ሰበረ» እና «ሰባበረ» እንደምንል ሁሉ፣ «ተለወጠ» እና «ተለዋወጠ» እንላለን። የተለወጠ ነገር ከአንድ ሁኔታ ወጥቶ በሌላ ሁኔታ ጸንቷል። የተለዋወጠ ነገር ወዲያና ወዲህ ብሏል፤ ምናልባትም ወደ ነበረበት ተመልሷል። ሌሎች ቋንቋዎች በሁለት ሐረግ የሚለዩትን እኛ አንዲት ፊደል በመድገም እንለየዋለን፤ ይህን ሀብት ይዞ «ለውጥ» ብቻ ማለት ያሳዝናል። እርግጥ ነው፣ «ተለዋወጡ» ሲባል ደብዳቤ ወይም ዕቃ መቀያየርም ይሆናል፤ ነገር ግን ባለቤቱ ነጠላ ሲሆን፣ በተለይም «ተለዋዋጭ» እና «ተለዋዋጭነት» በሚሉት ስሞች ላይ ይህ ጥርጣሬ ይወድቃል።

ስለዚህ የሚከተለውን አቀርባለሁ። ለጠባዩ «ተለዋዋጭነት»፤ በመዝገብ ላይ ለሚታየው ከፍ ዝቅ ማለት «መዋዠቅ»፣ ይህም በገበያ ዋጋ ረገድ የተለመደ ሆኗል፤ ለዓመታት በአንድ አቅጣጫ ለሚሄድ ቀስተኛ ለውጥ «አዝማሚያ»፤ «ለውጥ» የሚለውን ደግሞ መጽናቱ ለተረጋገጠ ነገር ብቻ።

ይህ የቃል ቀናነት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ሁለት ታሪኮች ያሳያሉ። በአትላንቲክ ውቅያኖስ ሙቅ ውኃ በላይ ወደ ሰሜን ሄዶ፣ ቀዝቅዞና ሰምጦ፣ በጥልቁ ወደ ደቡብ ይመለሳል። የፍሎሪዳ ጅረት የዚህ ታላቅ ዑደት አንድ ክፍል ነው። በ2005 የታተመ አንድ ጥናት፣ በ1957፣ በ1981፣ በ1992፣ በ1998 እና በ2004 በመርከብ የተደረጉ አምስት ልኬታዎችን አነጻጽሮ፣ ዑደቱ ወደ 30 በመቶ ያህል ደክሟል አለ። ዜናው በዓለም ሁሉ ተሰማ፤ አውሮፓ ልትበርድ ነው ተባለ። ይሁንና በ2004 በ26.5 ዲግሪ ሰሜን ላይ ከአፍሪካ ጠረፍ እስከ ባሃማ በመልሕቅ የተተከሉ መሣሪያዎች ያለማቋረጥ መመዝገብ ጀምረው ነበር። የመጀመሪያው ዓመት ውጤት በ2007 ሲታተም አማካዩ 19 ስቨርድሩፕ ገደማ ሆነ፤ በዚያው በአንድ ዓመት ውስጥ ግን ልኩ ከ4 እስከ 35 ስቨርድሩፕ ይዋዥቅ ነበር። አምስቱ የመርከብ ልኬታዎች ያሳዩት ልዩነት ሁሉ በዚህ መዋዠቅ ውስጥ ይገባል። በአምስት የተለያዩ ቀናት ወደ ገበያ የወጣ ሰው፣ ጤፍ ተወደደ ወይስ ዋጋው ዋዠቀ የሚለውን ከአምስት ቀን ብቻ መናገር እንደማይችለው ነው። ስለዚህ የ2005ቱን ጥናት «ተለወጠ» ብሎ የተረጐመ ሰው አልተሳሳተም፤ ጥናቱ ያለው ያንን ነውና። የ2007ቱንም «ተለወጠ» ብሎ ከተረጐመ ግን መልሱን ከጥያቄው ጋር አንድ አድርጎታል።

ሁለተኛው ታሪክ ስለ ገመዱ ራሱ ነው። በ2023 የታተመ ጥናት የገመዱን መዝገብ ከሌሎች ልኬታዎች ጋር አዋሕዶ፣ የፍሎሪዳ ጅረት በአርባ ዓመት ውስጥ በ4 በመቶ ያህል ደክሟል ሲል ደመደመ። በ2024 ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች መዝገቡን እንደገና መርምረው ቀድሞ ያልታሰበ ነገር አገኙ። ቮልቴጁ የሚወለደው ከውኃው ፍሰትና ከምድር መግነጢሳዊ መስክ ነው፤ በዚያ አካባቢ መስኩ ራሱ ከዓመት ወደ ዓመት ቀስ እያለ እየደከመ ነበር። መስኩ ሲደክም ውኃው እንደ ቀድሞው ቢፈስም ቮልቴጁ ይቀንሳል። ይህ ከታረመ በኋላ ቅነሳው አብዛኛው ጠፍቶ ጅረቱ በአርባው ዓመታት እንደ ጸና ታየ። የተለወጠው ክንዱ ነበር፣ የሚለካው ጨርቅ አልነበረም። ረቂቁ ሊተረጕም የሞከረው ጽሑፍ ይህንኑ የሚያስረዳ ስለነበር፣ «በብዙ ተለውጧል» የምትለው አንዲት ግሥ ጽሑፉ ያረመውን ስሕተት መልሳ ተከለችው።

የቀሩ ሁለት ስያሜዎች አሉ። ገልፍ ስትሪምን «የባሕረ ሰላጤው ጅረት» ማለት ትክክለኛ ፍቺ ቢሆንም፣ ለዛሬ አማርኛ አንባቢ «ባሕረ ሰላጤ» ወይም «ገልፍ» ሲባል ዐረብ አገሮች ስለሚታሰቡት፣ ብዙ ወገኖቻችንም በዚያ ስለሚኖሩ፣ ያላሰበው ቦታ ይወስደዋል። ስለዚህ እንደ ተጸውዖ ስም ገልፍ ስትሪም ብሎ መተው፣ ወይም «የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ጅረት» ብሎ ማስፋት ይሻላል። ከዚህ የሚከብደው ከላይ የተነገረው የአትላንቲክ ታላቅ ዑደት ስም ነው። የእንግሊዝኛው ስም የመገልበጥን ሐሳብ የያዘ ሲሆን፣ «ገልባጭ ዑደት» ቢባል መኪና፣ «ተገልባጭ» ቢባል የሚወድቅ ነገር ይመስላል። «ላይና ታች ዑደት» የሚለው ግልጽ ነው፤ አንድ ገበሬም ይገባዋል፤ ሆኖም ለመዝገበ ቃላት ረዘም ይላል፣ ቅጽልም ሊወጣለት አይችልም። እኔ ለጊዜው በዚህ እሠራለሁ፤ አጠር ያለ ያገኘ ቢልክልን በሚቀጥለው የቃላት ዝርዝር ላይ እንወያይበታለን።